ሁለት ብልቃጥ አፈርና አንድ ትልቅ ማግኔት

(ይህ በአንድ ምሽት ለተማሪዎች፣ ለግብርና ባለሙያዎችና ወሬውን ሰምተው ለመጡ ሰዎች ያደረግሁት ንግግር ነው። ወደ ጽሑፍ ስመልሰው አንዳንድ ቀልዶችን አውጥቻለሁ። የወጡት አዳራሹ ውስጥም ያላሳቁት ናቸው።)

እንደምን አመሻችሁ።

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ብልቃጥ ታያላችሁ። ሁለቱም አፈር ነው የያዙት። ከደቡብ ጎንደር ነው ያመጣኋቸው፣ ከአንድ ቀበሌ። አንዱ ከቤተ ክርስቲያን ደን ውስጥ ነው። ሌላው ከአጥሩ ማዶ፣ ከጤፍ ማሳ። በመካከላቸው 40 እርምጃ ቢሆን ነው። ድንጋዩ አንድ፣ ዝናቡ አንድ፣ ተዳፋቱም አንድ። አንዱ ላይ ለዘመናት ቅጠል ሲረግፍበት ኖረ። ሌላው ላይ በሬ ሲመላለስበት ኖረ።

ብልቃጦቹን እያዞራችሁ እዩ። ክዳኑን ግን እንዳትከፍቱ።

አፈሩን ስወስድ የማሳው ባለቤት ቆመው ያዩኝ ነበር። «ይሄ እንኳ ደክሟል» አሉኝ። «ደህናውን ከፈለግህ ከግቢው ውሰድ።» ደክሟል የምትለዋን ቃል ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። እኔ እንግዲህ ስንት ዓመት የተማርኩት ይህችን ቃል ወደ ኬሚስትሪ ለመመለስ ነው ብል አላጋነንኩም። አፈር ሲደክም ከውስጡ ምን ይሄዳል? ምን ያህል ሄደ የሚለውን ማወቅ ቀላል ነው። ምኑ ሄደ የሚለው ነው የሚያስቸግረው።

አፈር በአብዛኛው የተፈጨ ድንጋይ ነው። ከመቶ 2 ወይም 3 እጅ፣ ደን ውስጥ ደግሞ ከዚያ በላይ የሚሆነው ከሕያው ነገር የመጣ ነው። የበሰበሰ ቅጠል፣ የሞተ ሥር፣ የሞተ ባክቴሪያ፣ የፈንገስ ክር፣ የከሰል ብናኝ። ይህን ሁሉ ጠቅልለን ኦርጋኒክ ቁስ እንለዋለን። ጥቂት ይመስላል። ግን በዓለም አፈር የላይኛው 1 ሜትር ውስጥ ያለው ካርቦን 1,500 ቢሊዮን ቶን ገደማ እንደሚሆን ይገመታል። አየር ላይ ያለውና ተክል ሁሉ ውስጥ ያለው ተደምሮ አይደርስበትም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። አፈር ጠቆረ ማለት ኦርጋኒክ ቁሱ በዛ ማለት አይደለም። ዋልካችን ድቅድቅ ያለ ጥቁር ነው፤ ብዙ ጊዜ ሲለካ ግን ኦርጋኒክ ካርቦኑ እንደ መልኩ አይደለም። ዓይን ያታልላል።

ታዲያ እንዴት ይለካል? የተለመደው መንገድ በዳይክሮሜት አሲድ ማቃጠል ነው። ዎክሊና ብላክ የሚባሉ ሰዎች በ1934 ያወጡት ዘዴ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው።) ርካሽ ነው፣ እስከ ዛሬም አለ። የሚነግረን ግን ድምሩን ብቻ ነው። ኪሳችን ውስጥ 7 የብር ኖት አለ እንደማለት ነው። ባለ 10 ይሁኑ ባለ 200 አይታወቅም።

ዓይነቱን ለማወቅ የጥንቶቹ ኬሚስቶች ሌላ መንገድ ነበራቸው። በ1786 ፍራንዝ ካርል አካርድ የሚባል ጀርመናዊ ረግረግ ውስጥ የሚገኘውን፣ ከበሰበሰ ተክል የተሠራውን አፈር በአልካሊ (የአሲድ ተቃራኒ በሆነ ፈሳሽ) ዘፈዘፈው። ጥቁር ፈሳሽ ወጣ። ፈሳሹ ላይ አሲድ ሲጨምርበት ጥቁር ዝቃጭ ወደ ታች ወረደ። ይህ ዝቃጭ በኋላ ሁሚክ አሲድ ተባለ። አሲድ ውስጥ ሟሙቶ የቀረው ፉልቪክ አሲድ፣ መጀመሪያውኑ አልሟሟም ያለው ደግሞ ሁሚን። ከ200 ዓመት በላይ የአፈር ትምህርት በእነዚህ ሦስት ስሞች ላይ ቆመ። እኔም ተምሬ፣ ተፈትኜ፣ ጥሩ ውጤት አምጥቼባቸዋለሁ።

ችግሩ ዘፍዛፊው ነው። ሳሙና የሚሠራበትን ኮስቲክ ሶዳ ታውቁታላችሁ። አፈሩ የሚዘፈዘፈው በእሱ ነው፣ ፒኤቹ (የአሲድና የአልካሊ መለኪያው) 13 በሆነ ውሃ። እንዲህ ያለ ውሃ ማሳችሁ ውስጥ የለም። ስለዚህ የሚነሳው ጥያቄ ግልጽ ነው። ያ ጥቁር ዝቃጭ አፈሩ ውስጥ ድሮም የነበረ ነው ወይስ እኛ ያበሰልነው? ይህን ለማወቅ አፈሩን ሳይዘፈዝፉ፣ ሳያቃጥሉ፣ እዚያው ባለበት መጠየቅ ያስፈልግ ነበር።

ማግኔቱ የሚመጣው እዚህ ጋ ነው።

ኤምአርአይ የተነሣችሁ ሰዎች እዚህ ትኖራላችሁ። ያ ክፍል ውስጥ ገብታችሁ ኳ ኳ የሚለውን ድምፅ ሰምታችሁ ከሆነ የዛሬውን ንግግር ግማሽ አውቃችሁታል። ኤምአርአይና የእኔ መሣሪያ አንድ እናት የወለደቻቸው ናቸው። የቤተሰቡ ስም ኒውክለር ማግኔቲክ ሬዞናንስ ነው፣ ኤንኤምአር ብለን እናሳጥረዋለን። ሆስፒታሎች «ኒውክለር» የሚለውን ጥለውታል፤ ሕመምተኛው ስሙን ሲሰማ ይደነግጣል። ነገሩ ከጨረርም ከቦምብም ጋር አይገናኝም። ኒውክለር ያለው የአቶሙን እምብርት ለማለት ብቻ ነው።

አንዳንድ የአቶም እምብርቶች ትናንሽ ማግኔቶች ናቸው። ጠንካራ ማግኔት ውስጥ ስታስቀምጧቸው እንደ እንዝርት ይወዛወዛሉ። እንዝርት ሊቆም ሲል አናቱ ዙሪያውን እንደሚዞር አይታችኋል? ልክ እንደዚያ። የዙረቱ ፍጥነት በማግኔቱ ጉልበት ይወሰናል። ከፍጥነቱ ጋር የሚገጥም የሬዲዮ ሞገድ ከላክንበት እምብርቱ ይቀበላል። ሞገዱን ስናቆም መልሶ ራሱ ያስተላልፋል። እኛ እሱን እናዳምጣለን።

ይህ መጀመሪያ የተሰማው በ1945 መጨረሻ ላይ ነው። ሃርቫርድ ውስጥ ኤድዋርድ ፐርሴል፣ ሄንሪ ቶሪና ሮበርት ፓውንድ ሻማ የሚሠራበትን ፓራፊን ሰም ማግኔት መሃል አስገብተው የሃይድሮጅኑን ድምፅ ሰሙ። ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ስታንፎርድ ያለው ፊሊክስ ብሎክ ያንኑ በውሃ አደረገው። ፐርሴልና ብሎክ በ1952 የፊዚክስ ኖቤልን ተካፈሉ። ፐርሴል በኖቤል ንግግሩ ላይ ስለዚያ ክረምት ሲያወራ፣ ደጃፉ ላይ የተከመረውን በረዶ እንደ አዲስ ማየቱን ይናገራል። በረዶው ውስጥ ያሉት ፕሮቶኖች (የሃይድሮጅን እምብርቶች) በመሬት ማግኔት ዝም ብለው ሲወዛወዙ ታይተውት ነው። እኔ ማሳ ሳይ የሚሰማኝ እሱ ነው። ሚስቴ ደክሞህ ነው ትለኛለች።

ለአፈር የምንፈልገው ግን የካርቦንን ድምፅ ነው። ካርቦን ደግሞ አስቸጋሪ ነው። ተራው ካርቦን፣ ካርቦን 12፣ ጭራሽ ዝም ያለ ነው፤ ማግኔትነት የለውም። የሚናገረው ካርቦን 13 ሲሆን እሱም ከመቶ 1.1 ብቻ ነው። እስቲ እናስላው። መሣሪያው ውስጥ የምናስገባው አፈር 100 ሚሊግራም ገደማ ነው፣ አንድ ቁንጥር በሉት። 2 ከመቶ ካርቦን ካለው ካርቦኑ 2 ሚሊግራም ነው። የሚናገረው ካርቦን ደግሞ 0.02 ሚሊግራም። ከእነዚህም አብዛኞቹ ግማሹ ወደ ላይ፣ ግማሹ ወደ ታች ሆነው እርስ በርስ ይጣፋሉ። በ9.4 ቴስላ (የማግኔት ጉልበት መለኪያ ነው) ማግኔት ውስጥ እንኳ ለድምፅ የሚተርፈው ከ1 ሚሊዮን 8 ያህሉ ነው። 9.4 ቴስላ ማለት አዲስ አበባ ላይ ካለው የመሬት ማግኔት ከ2 መቶ ሺህ እጥፍ በላይ ነው። ያን ሁሉ ጉልበት አፍስሰን የምንሰማው ሹክሹክታ ነው። አንድ ናሙና ሌሊቱን ሙሉ፣ አንዳንዴም ቅዳሜና እሁድን የሚፈጀው ለዚህ ነው። ያንኑ ጥያቄ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ እንጠይቅና መልሶቹን እንደምራለን።

አንድ የምወደው ነገር አለ። በዚህ ማግኔት ውስጥ ካርቦን 13 የሚናገረው በ100.6 ሜጋኸርዝ ነው። የኤፍኤም መስመር ማለት ነው! ፋና 98.1 እና ሸገር 102.1 መካከል ሬዲዮናችሁን ብታስቆሙ የካርቦን ጣቢያ እዚያ ነው። ቀልድ ብቻ አይደለም። መሣሪያው በደንብ ካልተሸፈነ የከተማው ኤፍኤም ጣቢያ እውነትም ሊገባበት ይችላል።

እሺ፣ ካርቦኑ ተናገረ። ምን አለ?

ካርቦን አቶም ብቻውን አይቆምም። በኤሌክትሮን ተሸፍኗል። ኤሌክትሮኑን ጋቢ ነው በሉት። ወፍራም ጋቢ የለበሰ ካርቦን የማግኔቱ ብርድ ብዙ አይሰማውም። ኦክስጅን ጎረቤት ከሆነ ግን ጋቢውን ይገፈዋል፤ ኦክስጅን ለኤሌክትሮን ስስታም ነው። ጋቢው የሳሳ ካርቦን ትንሽ ከፍ ባለ ድምፅ ይናገራል። ልዩነቱ ከሚሊዮን ከጥቂት እስከ 200 ያህል እጅ ነው፣ በፒፒኤም ይለካል። ካርቦኑ ከማን ጋር እንደሚኖር ግን ይነግረናል።

ወረቀት ላይ ሲወጣ የተራራ ሰንሰለት ይመስላል። ከ0 እስከ 45 ድረስ ያለው ጉብታ የሰምና የቅባት ነው፣ የቅጠል ገጽ ላይ የሚያብረቀርቀው ሰም ዓይነት። (ፐርሴል መጀመሪያ ያዳመጠው ሰም ነበር ብያችኋለሁ። ዛሬም አፈር ውስጥ ሰም አለ።) ከ45 እስከ 110 የስኳር ዘሮች ናቸው፣ በተለይ ሴሉሎስ። 72 አካባቢ ረጅም ጫፍ ካያችሁ ጭድ ወይም እንጨት ገና ሳይበሰብስ አለ ማለት ነው። ከ110 እስከ 160 ቀለበት የሠሩ ካርቦኖች ናቸው። እንጨትን እንጨት የሚያደርገው ሊግኒንና ከሰል እዚያ ናቸው። ከሰል 130 ላይ ሰፊ ጉብታ ሆኖ ይወጣል። ከ160 በላይ ደግሞ የአሲድና የፕሮቲን ካርቦን።

አንድ ማሳሰቢያ። እነዚህ ድንበሮች እንደ ቀበሌ ድንበር ናቸው፤ ካርታው ላይ ቀጥ ብለው ይታያሉ፣ መሬት ላይ ግን ሰው ወዲህና ወዲያ ይሻገራል። ፕሮቲን ብቻውን ሦስት ቦታ ይታያል።

አሁን ወደ እኔ ውርደት።

ፈሳሽ ውስጥ ሞለኪውሎች ስለሚገለባበጡ ድምፃቸው ጥርት ይላል። ጠጣር ነገር ውስጥ ሁሉም ቆሞ በየአቅጣጫው ስለሚጮህ ጉብታዎቹ ተደበላልቀው አንድ ዝርግ ኮረብታ ይሆናሉ። በ1950ዎቹ መጨረሻ ሬይመንድ አንድሩ ብሪታንያ ውስጥ፣ ኧርቪንግ ሎው አሜሪካ ውስጥ መላ አገኙ። ናሙናውን ከማግኔቱ አቅጣጫ 54.7 ዲግሪ ዘንበል አድርጎ ማሽከርከር። ስሙም «አስማታዊ ማዕዘን» ነው፤ እኔ አላወጣሁለትም። አፈሩ ጣት ጫፍ በምታህል የሴራሚክ ቱቦ ውስጥ ይጠቀጠቅና በአየር ግፊት በሰከንድ 10,000 ጊዜ ይሽከረከራል። በደቂቃ 6 መቶ ሺህ ዙር ነው። መኪናችሁ አስፋልት ላይ ስትሄድ ሞተሯ በደቂቃ 3,000 ዙር ቢሞላ ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን የሠራሁ ቀን ቱቦውን በደንብ አልጠቀጠቅኩትም። አንድ ወገን ከበደ። ፍጥነቱ ሲጨምር ጢው የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ከዚያ ጧ! ቱቦው ፈነዳ። የኢትዮጵያ አፈር የሰው አገር ውድ መሣሪያ ውስጥ ተበተነ። የላቦራቶሪው ኃላፊ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ አየኝ። መሣሪያው ሦስት ሳምንት ቆመ። እናቴ በስልክ «ቢያንስ አፈሩ ያገርህ ነው» አለችኝ።

ሁለተኛው ጊዜ ጥሩ ጠቀጠቅሁ። ናሙናው የሲዳማ ቀይ አፈር ነበር። ዓርብ ማታ አስገብቼ ሰኞ ጠዋት መጣሁ። ስክሪኑ ላይ ዝርግ መስመር ብቻ አለ። ምንም። አፈሩ ካርቦን የሌለው መሰለ፤ በእጄ የለካሁት ግን 3 ከመቶ አለው። ጥፋተኛው ብረት ነበር። ቀይ አፈር የቀላው በብረት ዝገት ነው። ብረት ራሱ ማግኔት ስለሆነ አጠገቡ ያለውን ካርቦን ድምፁን ያፍነዋል። እኛ አገር ደጋው ብዙ ቦታ ቀይ ነው፤ ስለዚህ ይህ የኛ ችግር ነው፣ ከፈረንጅ መጽሐፍ የሚቀዳ አይደለም።

መፍትሔው ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ነው። በ2 ወይም በ10 ከመቶ ጥንካሬ ደጋግሞ ማጠብ። ድንጋዩን ያሟሟል፣ ብረቱን ያወጣል፣ ኦርጋኒክ ቁሱ ተጠራቅሞ ይቀራል። አሲዱ የሚያስፈራ ነው። ቆዳ ላይ ቢፈስ መጀመሪያ ላይ ላያቃጥል ይችላል፤ ግን ወደ ውስጥ ሰርጎ ካልሲየምን ይበላል። ከካልሲየም ቅባት ውጭ አጠገቡ አይቆምም። እና እዚህ ላይ ሐቁን ልናገር። ስለ አልካሊ ሳማ ነበር፤ «ያልነበረ ነገር አበሰሉ» እያልኩ። እኔም ይኸው በአሲድ አጠብኩ። ውሃ ጋር አብሮ የሚፈስ ኦርጋኒክ ቁስም አለ፣ ጥቂት አይደለም። ስለዚህ «አፈርን ሳይነኩ» የሚባለው ለማስታወቂያ ነው የሚሆነው። ጥሩ ተመራማሪ ምን ያህል ካርቦን በእጥበት እንደጠፋበት አብሮ ይጽፋል። የማይጽፈውን አልወደውም።

ሌላም አድልዎ አለ። የካርቦን ድምፅ ደካማ ስለሆነ ጎረቤቱ ሃይድሮጅን ጉልበቱን እንዲያውሰው እናደርጋለን። በሬ እንደማዋስ ነው። ዘዴው የ1970ዎቹ ሲሆን ድምፁን እስከ 4 እጥፍ ያጎላዋል። ግሩም ነው። ግን በሬ የሚያውስ ጎረቤት የሌለውስ? ከሰልን አስቡ። ካርቦኖቹ እርስ በርስ ተያይዘው ሰፊ ወረቀት ሠርተዋል፤ ሃይድሮጅን ያለው ጠርዝ ላይ ብቻ ነው። መሃል ያለው ካርቦን ማሳው ሳይታረስ ይቀራል። ለብዙ ጊዜ ሰው «ይህ አፈር ከሰል የለውም» ሲል መሣሪያው አልሰማም ማለቱ ነበር። የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ይህን በደንብ አሳዩ። በዋዛ አይደለም፤ አገራቸው በየጊዜው ስለሚቃጠል አፈራቸው ከሰል የሞላበት ነው። ብድሩን ትቶ ካርቦኑን በቀጥታ ማዳመጥ ይቻላል። ያኔ ሌሊቱ ሦስት አራት ሌሊት ይሆናል።

ይህን ሁሉ ጠንቅቀን ስናዳምጥ ምን ሰማን?

ከሁሉ በፊት፣ ያ የተለየ «ሁሚክ» የሚባል ፍጡር ፈልገን አጣነው። ቶሮንቶ ያሉት ኬሌኸርና ሲምፕሰን በ2006 ባወጡት ሥራ የሁሚክ አሲድን ድምፅ ለያይተው ሲያዩት፣ አብዛኛው የታወቀ ነገር ሆኖ አገኙት። ፕሮቲን፣ ስኳር፣ ቅባት፣ ሊግኒን። አዲስ ሰው የመሰለን የምናውቃቸው ሰዎች አንድ ላይ ቆመው ነው። በዓመቱ የዚያው ዩኒቨርሲቲ ቡድን ሌላ ነገር ጨመረ። ከአፈር ተዘፍዝፎ ከሚወጣው ክፍል ከግማሽ በላይ፣ ከአፈሩ ናይትሮጅን ደግሞ ከ80 ከመቶ በላይ የሚሆነው ከደቂቅ ሕዋሳት አካል የመጣ ነው ብለው ገመቱ። ለካ ለም አፈር በከፊል መቃብር ኖሯል። ባክቴሪያው ቅጠሉን ይበላል፣ ይሞታል፣ ሬሳው ሸክላው ላይ ይለጠፋል። በ2015 ደግሞ ዮሐንስ ሌማንና ማርከስ ክሌበር «ሁሙስ የሚባለውን ነገር እንተወው» የሚል ይዘት ያለው ጽሑፍ አወጡ፤ ሁሙስ የነሁሚክ አሲድ የወል ስም ነው። ጠቡ ገና አልበረደም። ጡረታ የወጡ አስተማሪዎቼ ፊት ይህን ርዕስ አላነሳም።

እኔ ወገኔን ከተጠየቅሁ፣ ከሌማን ጋር ነኝ። ቢሆንም አንድ ነገር አሮጌዎቹ እውነት ነበራቸው። አፈር ውስጥ ለሺህ ዓመት የሚቆይ ካርቦን አለ። ብራዚል ውስጥ አማዞን ዳር ቴራ ፕሬታ የሚባል ጥቁር አፈር አለ። የጥንት ነዋሪዎች ከሰልና የቤት ጥራጊ እያከማቹበት የተሠራ ነው። ዙሪያው የተራቆተ ቀይ አፈር ነው፤ እሱ ግን ዛሬም ለም ነው። ማግኔቱ ውስጥ ስታስገቡት 130 ላይ ያ የከሰል ጉብታ ቁጭ ብሏል።

ወደ አገራችን ልመለስ። ካርቦን ብቻ አይደለም የሚናገረው። ፎስፈረስም ይናገራል፤ ያውም በደንብ። የተፈጥሮ ፎስፈረስ 100 ከመቶው የሚሰማው ዓይነት ነው። ከ1980 ጀምሮ፣ ኒውዚላንድ ውስጥ ኒውማንና ቴት ካሳዩት ወዲህ፣ አፈር ውስጥ ፎስፈረስ በምን መልክ እንደተደበቀ በዚህ ይታያል። አንዱ መልኩ ፋይቴት ነው። እህል ዘሩ ውስጥ ፎስፈረስ የሚያስቀምጥበት ጎተራ ማለት ነው፤ ጤፍ ውስጥም አለ። ሊጥ ሲቦካ በከፊል ይፈርሳል። አፈር ውስጥ ግን ከብረትና ከአሉሚኒየም ጋር ተጣብቆ ለሥሩ እምቢ ይላል። ገበሬው የዳፕ ማዳበሪያ ጨምሮ ጨምሮ ማሳው «አልቀበልም» ያለው አንዱ በዚህ ዓይነት ማሰሪያ ነው። ዳዊት ሰለሞን፣ ዮሐንስ ሌማንና ባልደረቦቻቸው በ2002 ባወጡት ሥራ ከፋ ውሽውሽና አርሲ ሙነሳ ላይ የተፈጥሮ ደንን ከታረሰ መሬት ጋር አስተያይተው ፎስፈረሱን በዚህ መሣሪያ አዳምጠዋል። ደኑ ተመንጥሮ ከታረሰ በኋላ ሕያው ነገር ውስጥ የነበረው ፎስፈረስ ቀንሷል። የማሳው ባለቤት «ደክሟል» ያሉት አንዱ ይህ ነው።

የእኔ ሁለት ብልቃጦችስ? የደኑ አፈር 72 ላይ ረጅም ጫፍ አለው፤ ገና የሚበላ ስኳር ሞልቶታል። የጤፉ ማሳ ላይ ያ ጫፍ አጥሯል። ሰሙና ከሰሉ በአንጻሩ ጎልተዋል። አልጨመሩም፤ ሌላው ስለሄደ ነው የታዩት። ሰው ሲከሳ አጥንቱ እንደሚወጣ። ጭዱ ለከብት፣ ኩበቱ ለምጣድ ሲሄድ ለአፈሩ የሚተርፈው ሥሩ ብቻ ነው።

ጥያቄዎች ነበሩ። ሦስቱን ልጻፍ።

አንዲት የግብርና ባለሙያ «ይህ መሣሪያ እኛ አገር አለ? መብራት ሲጠፋስ?» አለች። አለ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ክፍል 400 ሜጋኸርዝ መሣሪያ ላይ ስንት የመድኃኒት ዕፅ ተጠንቷል። ለአፈር የሚሆነው ግን ጠጣር የሚያሽከረክረው ዓይነት ነው። መብራቱን በተመለከተ አንድ የሚገርም ነገር አለ። ማግኔቱ አይጠፋም። ሽቦው −269 ዲግሪ በሆነ ፈሳሽ ሂሊየም ውስጥ ስለተዘፈቀ ኤሌክትሪኩ ያለማንም እገዛ ለዓመታት ይዞራል። የሚጠፋው ኮምፒውተሩና የሌሊቱ ልፋታችሁ ነው። የሚያስፈራው የሂሊየም ማለቅ ነው። ሂሊየም ከውጭ ይመጣል፣ በዶላር። ለብዙ ሺህ ናሙና ደግሞ ኤንኤምአር አይሆንም፣ ውድና ቀርፋፋ ነው። አውስትራሊያውያን ጥቂቱን በማግኔት ለክተው፣ ቀሪውን በርካሹ ኢንፍራሬድ ብርሃን ይገምታሉ። እኛም ብናደርገው ይሻላል ባይ ነኝ።

አንድ ተማሪ ስለ ኮምፖስት ጠየቀ። መብሰሉ በዚህ ይታወቃል ወይ? ይታወቃል። ሲብላላ የስኳሩ ጉብታ ይወርዳል፣ የሰሙ በአንጻሩ ይወጣል። የሁለቱን ሬሾ አይቶ የት እንደደረሰ መናገር ይቻላል። ግን ለኮምፖስት ብላችሁ ማግኔት አትግዙ። እጃችሁን ክተቱበት፤ የሚፋጅ ከሆነ አልበሰለም።

በመጨረሻ ከኋላ ወንበር አንድ አባት ተነሡ። «ልጄ፣ ክዳኑን አትክፈቱ ብለኸናል። አሁን ልክፈተው?»

ይክፈቱት አልኳቸው፤ ግን ዓይንዎን ይጨፍኑ። ሁለቱንም ብልቃጥ በየተራ አፍንጫቸው ሥር ያዝኩላቸው። የመጀመሪያውን አሽትተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁለተኛው ላይ ቆዩ። «ይሄ የግቢው ነው» አሉ። «ሐምሌ ሐምሌ ይላል።»

ልክ ነበሩ። የሸተታቸው ጂኦስሚን ይባላል፣ አፈር ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች የሚሠሩት ነገር ነው። አፍንጫ ከትሪሊዮን ጥቂት እጅ ብትሆንም ያገኛታል። እኔ ያንኑ ብልቃጥ መሣሪያው ውስጥ ሦስት ሌሊት ባሳድረው ጂኦስሚን ያለበት ቦታ ላይ የማየው ዝርግ መስመር ነው። ይህን ስነግራቸው ሳቁና ብልቃጡን ወስደው ለጎረቤታቸው አቀበሉ። አዳራሹን ዞሮ ሲመለስ ግማሹ አፈር ወለሉ ላይ ፈስሶ ነበር።